የቻይና ነጭ ሽንኩርትና የአሜሪካ ፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቻይና ወደ አሜሪካ የሚገባ ትኩስ ነጭ ሽንኩርት ከ1994 ጀምሮ ፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ ይከፈልበታል። በግብርና ምርት ላይ ከተጣሉት ቀረጦች መካከል የዚህን ያህል ክርክር ያስነሳ፣ የዚህን ያህልም ሰው ሊያመልጠው የሞከረ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሕጉ እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚያፈስ ለማየት ጥሩ መዝገብ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከአምራቾች፣ ከአስመጪዎችና ከባለሱቆች የሚነሱ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳምፒንግ ማለት በርካሽ መሸጥ ነው?

አይደለም። ጉልበት ርካሽ በሆነበት፣ መሬቱና አየሩ በተመቸበት አገር የተመረተ ሽንኩርት በርካሽ ቢሸጥ ሕጉ ምንም አይለውም። ዳምፒንግ የሚባለው ላኪው ለውጭ ገዢ የሚሸጥበት ዋጋ ያንኑ ዕቃ በአገሩ ከሚሸጥበት ዋጋ፣ ወይም ከማምረቻ ወጪውና ከተገቢ ትርፉ ድምር ሲያንስ ነው።

ሁለቱ ዋጋዎች የሚነጻጸሩት ዕቃው ከላኪው በር ሲወጣ ባላቸው ልክ ነው። የመርከብ ጭነት፣ ኢንሹራንስና የወደብ ወጪ መጀመሪያ ይቀነሳል። ለምሳሌ ከዚህ ሁሉ በኋላ በአገር ውስጥ ኪሎው 1.20 ዶላር፣ ለአሜሪካ ደግሞ 0.80 ዶላር ሆነ እንበል። ልዩነቱ 0.40 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ለ1.20 ያካፍልና 33 በመቶ ይላል። ስሌቱ ግን በኤክስፖርት ዋጋው ነው የሚካፈለው፤ 0.40 ለ0.80 ሲካፈል 50 በመቶ ይሆናል። በመጀመሪያው ምርመራ ከ2 በመቶ በታች የሆነ ልዩነት እንደሌለ ይቆጠራል፤ መዝገቡም ይዘጋል።

ዳምፒንግ መኖሩ ብቻም ቀረጥ አያስጥልም። የአገር ውስጡ አምራች ተጨባጭ ጉዳት እንደደረሰበት ወይም ሊደርስበት እንደተቃረበ፣ ለጉዳቱም መንስኤው ይኸው ዕቃ እንደሆነ መረጋገጥ አለበት። የዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነት የሚጠይቀው እነዚህን ሦስቱን ነው። በአሜሪካ ሥራው ለሁለት ተከፍሏል፦ የዋጋ ልዩነቱን የንግድ ሚኒስቴር ያሰላል፣ ጉዳቱን ደግሞ ራሱን የቻለው የዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን ይመረምራል። አንዱ «የለም» ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ለቻይና ስሌቱ ለየት ይላል ይባላል። እንዴት?

አሜሪካ ቻይናን የገበያ ኢኮኖሚ ያልሆነች አገር አድርጋ ነው የምታየው። የመሬቱን፣ የብድሩን፣ የመብራቱን ዋጋ መንግሥት ስለሚነካው የቻይና የውስጥ ዋጋ ለንጽጽር አይታመንም የሚል ነው ምክንያቱ። ስለዚህ ሚኒስቴሩ «ምትክ አገር» ይመርጣል። ከቻይናው አምራች የሚወስደው መጠኑን ብቻ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ስንት ሰዓት ጉልበት፣ ስንት ካርቶን፣ ስንት ኪሎዋት መብራት እንደፈጀ። ዋጋውን የሚያመጣው ከምትኩ አገር ነው።

በነጭ ሽንኩርቱ መዝገብ ለብዙ ዓመታት ምትኳ ሕንድ ነበረች። የቻይና ላኪዎች አብዛኛውን ሽንኩርት ከትናንሽ ገበሬዎች እየለቀሙ ስለሚገዙ የማሳውን ወጪ የሚያሳይ አስተማማኝ መዝገብ አልተገኘም። ሚኒስቴሩ ዘሩንና ማዳበሪያውን መቁጠሩን ትቶ የሽንኩርቱን ራስ ራሱን ዋጋ ማውጣት ጀመረ፤ ለዚያም የዴልሂውን የአዛድፑር ጅምላ ገበያ ዋጋ ዝርዝር ተጠቀመ። ክርክሩም ወደ ሚሊሜትር ወረደ። ትልቅ ራስ ያለው ሽንኩርት ከትንሹ ይወደዳል፤ ላኪው «የእኔ ትንሽ ነው» ሲል፣ የካሊፎርኒያ አምራቾች ጠበቆች «የለም፣ ትልቁ ደረጃ ነው» ይላሉ። በአንድ የደረጃ ለውጥ ቀረጡ ከምንም ወደ ብዙ ሊዘል ይችላል።

ይህ አሠራር ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ እስከምናየው ድረስ ስሌቱ ለከሳሹ ያደላል፤ ቻይናም በዚሁ ስትከራከር ኖራለች።

ቀረጡ ስንት ነው?

በ1994 ትእዛዙ ሲወጣ በመላው ቻይና ላይ የተጣለው 376.67 በመቶ ነበር። በኋላ ስሌቱ በክብደት ሆነ፤ የራሱን ተመን ያላገኘ ላኪ በኪሎ 4.71 ዶላር ይከፈልበታል። በመቶኛ ሲሆን ኢንቮይሱን ዝቅ አድርጎ ማምለጥ ይቻላል፤ በኪሎ ሲሆን ግን አንደር ኢንቮይስ ማድረግ አይጠቅምም፣ ሚዛኑ አይዋሽምና።

ላኪው ከመንግሥት ቁጥጥር ነፃ መሆኑን በሰነድ ካሳየ የራሱን ተመን ማግኘት ይችላል፤ አንዳንዶች ዜሮም አግኝተዋል። ተመኑ አንዳንዴ ከላኪና ከአምራች ጥንድ ጋር ይታሰራል። ላኪው ያው ሆኖ ሽንኩርቱ ከሌላ አምራች ከመጣ ዝቅተኛው ተመን አይሠራም። አስመጪዎች የሚወድቁበት አንዱ ጉድጓድ ይኸ ነው፦ የላኪውን ስም ያጣራሉ፣ የአምራቹን አያጣሩም።

ከዚህ በተጨማሪ በ2018 በቻይና ዕቃዎች ላይ የተጣለው 10 በመቶ ታሪፍ ነጭ ሽንኩርትንም ይዞ ነበር፤ በ2019 ወደ 25 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህ ከፀረ-ዳምፒንጉ የተለየና በላዩ ላይ የሚደመር ነው።

የትኛው ሽንኩርት ነው የሚነካው? ዱቄቱስ?

ትእዛዙ የሚይዘው ትኩሱን፣ የቀዘቀዘውን፣ በረዶ የሆነውን፣ በውሃ ወይም ጣዕሙን በማይለውጥ ነገር ውስጥ የተቀመጠውን ነው። በሙሉ ራሱ ይሁን ፍሬ ፍሬው ተለያይቶ፣ የተላጠ ይሁን ያልተላጠ ልዩነት የለውም። ደርቆ የተፈጨው ዱቄት ውጭ ነው። ለዘር ተብሎ በልዩ ሁኔታ የተዘጋጀና በማሽን ተሰብስቦ ለማድረቂያ ፋብሪካ የሚሄደውም ውጭ ነው፤ ነገር ግን ጉምሩክ ላይ «ለዘር ነው» ብሎ ማስመዝገብና ሱቅ ላይ መሸጥ በሐሰት ማስመዝገብ ነው።

ለመሆኑ ማን ነው መክሰስ የሚችለው?

የአገር ውስጥ አምራች፣ የአምራቾች ማኅበር ወይም የሠራተኛ ማኅበር። በነጭ ሽንኩርቱ ጉዳይ አቤት ያለው የትኩስ ነጭ ሽንኩርት አምራቾች ማኅበር ነው፤ ጊልሮይ የሚገኘውን ክሪስቶፈር ራንችን የመሳሰሉ የካሊፎርኒያ እርሻዎች ያሉበት።

አቤቱታው እንዲታይ ደጋፊዎቹ ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት ቢያንስ 25 በመቶውን የሚያመርቱ መሆን አለባቸው። ሐሳባቸውን ከገለጹት አምራቾች ምርት ውስጥም የደጋፊዎቹ ድርሻ ከግማሽ መብለጥ አለበት። የሚቆጠረው ምርት ነው፤ የገበሬ ብዛት አይደለም። መቶ ትናንሽ ገበሬዎች አንድ ትልቅ እርሻን ላያክሉ ይችላሉ። ለነጭ ሽንኩርት ነገሩ ቀሎ የነበረው ምርቱ በጥቂት የካሊፎርኒያ እርሻዎች እጅ ስለተሰበሰበ ነው። አምራቹ በመላ አገሪቱ በተበተነበት ሰብል ይህች 25 በመቶ ራሷ ግድግዳ ናት።

ሌላም ጠንቅ አለ። አገር ውስጥ እያመረተ ጎን ለጎን ከቻይና የሚያስመጣ እርሻ «ተዛማጅ ወገን» ተብሎ ከአገር ውስጥ ኢንዱስትሪው ቁጥር ሊወጣ ይችላል። አቤቱታ የሚያስብ ማኅበር ከአባላቱ ማን ምን እንደሚያስመጣ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ተከሳሾቹ ይህን ፈልገው ያገኙታልና።

ጉዳት ደረሰብኝ ለማለት ምን ማስረጃ ይዤ ልቅረብ?

አብዛኛው አቤቱታ የሚሸነፈው በሕጉ ሳይሆን በደብተር እጦት ነው። ኮሚሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ይመለከታል። በየዓመቱ ስንት ኤከር ተተከለ፣ ስንት ፓውንድ ተሰበሰበ፣ ስንት ተሸጠ፣ ስንት በማቀዝቀዣ ቀረ፣ በስንት ዋጋ፣ ስንት ሠራተኛ ነበረ፣ ትርፉ ስንት ነበር። ወጪው ለነጭ ሽንኩርቱ ለብቻው መለየት አለበት። ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት አብሮ የሚያመርት ገበሬ ነዳጁንና ጉልበቱን በአንድ ሂሳብ ካስገባ «በኪሎ ይህን ያህል ከሰርኩ» ማለት አይችልም።

ከሁሉም ክብደት ያለው የጠፋ ሽያጭ ማስረጃ ነው። የሱፐርማርኬት ገዢ «የቻይናው 30 ፓውንድ ካርቶን በዚህ ዋጋ ቀርቦልኛል፣ ካልቀነስክ አልወስድም» ብሎ የጻፈው ኢሜይል ከአሥር ገጽ ትንታኔ ይበልጣል። ቀኑ፣ መጠኑ፣ የቀረበው ዋጋና በመጨረሻ ማን እንደሸጠ መታየት አለበት። ገዢው በስልክ ከተናገረ ወዲያው በኢሜይል «እንደተነጋገርነው» ብሎ መላክ ይጠቅማል።

መንስኤው ላይ ደግሞ ራስዎን አስቀድመው ይፈትሹ። በካሊፎርኒያ ማሳዎች ነጭ ብስባሽ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ትልቅ ችግር ነው፤ ዘሩ በአፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ምርት የቀነሰው በበሽታ ወይም በውሃ እጥረት ከሆነ ተከሳሹ ያንን ይዞ ይመጣል፤ ኮሚሽኑም የሌላ ምክንያት ጉዳት በአስመጪው ላይ እንዳይለጠፍ መለየት አለበት። ጥሩ አቤቱታ በሽታውን አይደብቅም፤ በሽታ ያልነካቸው ማሳዎች ላይም ዋጋ መውደቁን ያሳያል።

ጠበቃ ውድ ነው። ኮሚሽኑ ግን ለአነስተኛ አምራቾች አቤቱታ በማዘጋጀት በነፃ የሚያግዝ ክፍል አለው፤ ጠበቃ ከመቅጠር በፊት እዚያ ረቂቁን ማሳየት ይቻላል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

አቤቱታው በአንድ ቀን ለሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ይገባል። ሚኒስቴሩ ምርመራ ልክፈት ወይስ ልተው የሚለውን በ20 ቀን ይወስናል፤ ኮሚሽኑ የመጀመሪያ የጉዳት አስተያየቱን በ45 ቀን ይሰጣል። ምርመራው በተከፈተ በ140 ቀን የሚኒስቴሩ ጊዜያዊ ውሳኔ ይወጣል። ለገበሬው ትልቁ ቀን ይኸ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አስመጪዎች ማስያዣ ይከፍላሉ። በ75 ቀን የመጨረሻው ስሌት፣ በ45 ቀን ደግሞ የኮሚሽኑ የመጨረሻ ድምፅ ይከተላል። ሲደመር 280 ቀን ነው፤ ሚኒስቴሩ ሊያራዝመውም ይችላል። የነጭ ሽንኩርቱ አቤቱታ ጃንዋሪ 31 ቀን 1994 ገብቶ ትእዛዙ ኖቬምበር 16 ቀን 1994 ወጣ።

ነጭ ሽንኩርት በካሊፎርኒያ በመከር ተተክሎ በበጋ ይሰበሰባል። እንግዲህ ያ ሁሉ ቀን ማለት አንድ ሙሉ ምርት በወረደ ዋጋ መሸጥ ማለት ነው። አስመጪዎች ቀረጡ ሳይመጣ መጋዘን ለመሙላት ከተሽቀዳደሙ፣ ከጊዜያዊው ውሳኔ በፊት በነበሩት 90 ቀናት የገባው ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊጣል የሚችልበት አንቀጽ አለ፤ ግን አቤቱታ አቅራቢው ራሱ መጠየቅ አለበት።

ቀረጡን የሚከፍለው ማን ነው? መቼስ ነው የሚከፈለው?

ዲክላራሲዮኑ በስሙ የተከፈተው አስመጪ ነው። የቻይናው ላኪ አይደለም፤ ትራንዚተሩም አይደለም። በቅርብ ይታይ፦ አንድ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር 25,000 ኪሎ ይዟል፤ ዋጋውም በኪሎ 1.50 ዶላር፣ በጠቅላላ 37,500 ዶላር ነው እንበል። የራሱ ተመን ከሌለው ላኪ ከመጣ 25,000 በ4.71 ሲባዛ ቀረጡ 117,750 ዶላር ይሆናል፤ ከዕቃው ሦስት እጥፍ በላይ።

የአሜሪካን አሠራር ከብዙ አገሮች የሚለየው የሚከፈለው ማስያዣ እንጂ የመጨረሻ ቀረጥ አለመሆኑ ነው። ኖቬምበር 2020 የገባ ኮንቴይነርን ይውሰዱ። የመጨረሻው ተመን የሚወጣው በኋላ በሚደረግ ዓመታዊ ግምገማ ነው፤ የዚህ ኮንቴይነር የግምገማ ዓመት ኦክቶበር 2021 ላይ ያልቃል። በኖቬምበር 2021 አምራቾቹ ወይም ላኪው «ይታይልን» ካሉ፣ ሚኒስቴሩም ጊዜውን እስከ ጥግ ከተጠቀመ ውጤቱ 2023 አጋማሽ ላይ ይደርሳል። ማስያዣው በኪሎ 10 ሳንቲም ሆኖ የመጨረሻው ተመን 4.71 ከወጣ፣ ልዩነቱ ከነወለዱ የሚጠየቀው ሽንኩርቱ ተበልቶ ካለቀ ሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። በዝቅተኛ ማስያዣ ገብቷልና ቀረጡ ዝቅተኛ ነው ብሎ ዋጋ የቆረጠ አስመጪ እዚህ ላይ ይከስራል።

አንድ ወረቀት ደግሞ አይረሳ። አስመጪው ላኪው ቀረጡን እንዳልመለሰለትና ሊመልስለትም እንዳልተስማማ የሚያረጋግጥ መግለጫ ሂሳቡ ከመዘጋቱ በፊት ማቅረብ አለበት። ካላቀረበ ተመልሶለታል ተብሎ ይገመትና ቀረጡ እጥፍ ይሆናል። በምሳሌያችን 117,750 የነበረው 235,500 ይሆናል ማለት ነው፤ በአንድ ገጽ ወረቀት ምክንያት።

የተሰበሰበው ገንዘብ ለገበሬው ይደርሰዋል?

አሁን አይደርሰውም፤ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል። ከ2000 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት የሴናተር በርድን ስም የያዘ ሕግ ገንዘቡን አቤቱታውን ለደገፉ አምራቾች ያከፋፍል ነበር። የዓለም ንግድ ድርጅት በ2003 ሕጉ ስምምነቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ፤ ኮንግረስም በ2006 መጀመሪያ ሻረው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2007 በፊት የገባ ዕቃ ብቻ በአሮጌው ሕግ ይታያል።

ቀረጡ ይህን ያህል ከከበደ የቻይና ሽንኩርት አሁንም እንዴት ይገባል?

ከፊሉ በሕጋዊ መንገድ ነው፤ ዝቅተኛ ወይም ዜሮ ተመን ያላቸው ላኪዎች አሉ። የቀረው ግን የዚህ ሕግ ደካማ ጎን ነው። ከስሌቱ ይልቅ መሰብሰቡ ላይ ነው ሕጉ የሚያነክሰው።

ለዓመታት ትልቁ ቀዳዳ «አዲስ ላኪ» የሚባለው መብት ነበር። በመጀመሪያው ምርመራ ያልነበረ ላኪ የራሱን ተመን እስኪያገኝ ድረስ አስመጪው በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ቦንድ (የዋስትና ሰነድ) እንዲያቀርብ ይፈቀድለት ነበር። የሆነው ይኸ ነው፦ አዲስ ኩባንያ ቻይና ውስጥ ይቋቋማል፤ አሜሪካ ውስጥ አንድ ጠረጴዛና አንድ ስልክ ያለው አስመጪ ይከፈታል። አንድ ትንሽ ጭነት በተጋነነ ዋጋ ይገባና ጥሩ ተመን ያስገኛል። ከዚያ መቶ ኮንቴይነር ይጎርፋል። ሂሳቡ ሲመጣ አስመጪው የለም። ኮንግረስ የቦንዱን መብት ከኤፕሪል 2006 እስከ ጁን 2009 አገደው፣ በ2016 በወጣው ሕግ ደግሞ ጨርሶ አነሳው።

መደበኛው የጉምሩክ ቦንድም ቢሆን አነስተኛ ነው። ዝቅተኛው 50,000 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሰላው አስመጪው ባለፈው ዓመት ከከፈለው ቀረጥና ታክስ 10 በመቶ ነው። ባለፈው ዓመት ምንም ያላስገባ ኩባንያ ታዲያ የምን 10 በመቶ? የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2016 ባወጣው ሪፖርት ከ2001 እስከ 2014 ተጠይቆ ያልተሰበሰበው የፀረ-ዳምፒንግና የፀረ-ድጎማ ቀረጥ 2.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ነጭ ሽንኩርት ከዋነኞቹ አንዱ ነው።

ሌላው መንገድ በሦስተኛ አገር ማዞር ነው። ካርቶኑ ይቀየራል፣ አዲስ የትውልድ አገር ሰርተፊኬት ይወጣል። ይህ የአሜሪካ ብቻ ችግር አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከኮታ ውጭ በሚገባ ነጭ ሽንኩርት ላይ 9.6 በመቶ እና በየ100 ኪሎው 120 ዩሮ ያስከፍላል፤ በ2013 የስዊድን ዐቃቤ ሕግ በኖርዌይ በኩል ሽንኩርት በማሾለክ የጠረጠራቸውን ሁለት እንግሊዛውያን በዓለም አቀፍ ደረጃ አስፈልጓል። ነጭ ሽንኩርት ኮንትሮባንድ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል!

አንድ አስመጪ እያጭበረበረ እንደሆነ ብጠረጥር የት ልሂድ?

በ2016ቱ ሕግ የአገር ውስጥ አምራች በቀጥታ ለጉምሩክና ድንበር ጥበቃ በኢንተርኔት ጥቆማ ማስገባት ይችላል። በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ምርመራ ይከፈታል ወይም አይከፈትም። ተገቢ ጥርጣሬ ካለ ከተከፈተ በ90 ቀን ውስጥ ጊዜያዊ እርምጃ ይወሰዳል፤ ማለትም አስመጪው ጥሬ ገንዘብ እንዲያስይዝ ይደረጋል። ውሳኔው በ300 ቀን፣ ከተወሳሰበ በ360 ቀን ይሰጣል።

የሚሠራው ጥቆማ ወሬ የሌለበት ነው። የላኪው አገር በዓመት ስንት እንደሚያመርት፣ ስንት ከቻይና እንዳስገባ፣ ስንት ወደ አሜሪካ እንደላከ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ካመረተው በላይ የላከ አገር ወዲያው ይታያል። በዚያ ላይ የቢል ኦፍ ሎዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ) መረጃና የቀረበውን ዋጋ መጨመር ነው።

ማንም ይጠቁም ማን የሰጠው ቃል ይመረመራል። በ2014 የተወሰኑ የኒው ሜክሲኮ ትናንሽ አምራቾች ዜሮ ተመን ያለው አንድ ላኪ እንዲገመገም ጠየቁ። ሚኒስቴሩ የአመልካቾቹ ቃል የማይታመን ሆኖ አግኝቶ ጥያቄያቸውን ጣለው፤ በ2020 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤትም አጸናው። የሆነ ሰው አርቅቆ ያመጣልዎትን መግለጫ ሳያነቡ አይፈርሙ።

ሌላ አገር ለምን በቀላሉ ገቢውን አይዘጋም?

ደቡብ ኮሪያ ሞክራዋለች። በጁን 2000 በቻይና በረዶና በኮምጣጤ በተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት ላይ ታሪፉን ከ30 በመቶ ወደ 315 በመቶ አሳደገች። ይህ ፀረ-ዳምፒንግ ሳይሆን «ሴፍጋርድ» የሚባለው ነው፤ ጥፋት ማስረዳት አያስፈልገውም፣ የገቢው ድንገተኛ መጨመርና ከባድ ጉዳት በቂ ነው። ቻይና መልሳ የኮሪያን ሞባይል ስልክና ፖሊኤቲሊን አገደች። ኮሪያ በሐምሌ ወር ተስማማች፤ በዝቅተኛ ታሪፍ የተወሰነ መጠን ልታስገባ ቃል ገባች። ፀረ-ዳምፒንግ ቀርፋፋ ቢሆንም ተጻራሪው አገር በሕግ እንዲህ ቶሎ የመበቀል መብት አይሰጠውም።

ሦስተኛው መንገድ በስምምነት ማገድ ነው፤ ላኪዎቹ ከተወሰነ ዋጋ በታች ላለመሸጥ ይፈርማሉ። የሜክሲኮ ቲማቲም ከ1996 ጀምሮ በየጊዜው በታደሰ ስምምነት ሲገባ ኖሮ ጁላይ 14 ቀን 2025 አሜሪካ ወጥታ 17.09 በመቶ ቀረጥ ጣለች።

ቀረጡ የካሊፎርኒያን ገበሬ አዳነው?

ትኩስ ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡት እርሻዎች ያለ እሱ ዛሬ ላይ ባልደረሱ ነበር ብለን እናምናለን። በየአምስት ዓመቱ ይቅር ወይስ ይቀጥል ተብሎ ይገመገማል፤ እስካሁን በየጊዜው ቀጥሏል። ግን ቻይና የዓለምን ነጭ ሽንኩርት ሦስት አራተኛ ያህል ታመርታለች፤ የቻይናው ሲወደድ ደግሞ የስፔን፣ የሜክሲኮና የአርጀንቲና ሽንኩርት ቦታውን ይይዛል። ትእዛዙ እነሱን አይነካም። ለሸማቹም ዋጋው ከፍ ይላል፤ ይህን የማይናገር የቀረጥ ደጋፊ ግማሹን ነው የሚያወራው።

ኢትዮጵያ ውስጥስ እንዲህ ያለ ነገር ይቻላል?

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 ነው። የድርጅቱ ሕግ እንደሚያዝዘው ፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ የሚጣለው በሕግ በተቀመጠ ምርመራ እንጂ በሚኒስትር ደብዳቤ አይደለም። በ2019 ያጸደቀችው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነትም ስለ ንግድ መከላከያ እርምጃዎች የራሱ አባሪ አለው፤ ስለዚህ ጥያቄው ከቻይና ብቻ ሳይሆን ከጎረቤት በሚገባ ምርትም ይነሳል።

መርማሪ መሥሪያ ቤት ቢቋቋም መጀመሪያ የሚያጣው ነገር የዋጋ መዝገብ ነው። የነጭ ሽንኩርት አምራች ዩኒየን ከዛሬ ጀምሮ ሊሠራው የሚችለው በየሳምንቱ የኩንታሉን የማሳ በር ዋጋ፣ የአትክልት ተራውን የጅምላ ዋጋ፣ የተሸጠውን መጠንና ሳይሸጥ የተበላሸውን በአንድ ቅጽ መመዝገብ ነው። በፓኬት ስለሚገባው ደግሞ ከጉምሩክ ኮሚሽን የመጠንና የዋጋ መረጃ በታሪፍ ቁጥር 0703.20 ይጠየቃል።

አሜሪካ ውስጥ ሱቅ ስገዛ የየት አገር መሆኑን በምን አውቃለሁ?

«ሥሩ ተላጭቶ ከታች ጎድጎድ ያለው የቻይና ነው፣ የሥር ጺም ያለው የካሊፎርኒያ ነው» ይባላል። ብዙውን ጊዜ ይሠራል፤ ማስረጃ ግን አይደለም፣ ማንም ሥሩን መቁረጥ ይችላልና። ለወጥ በብዛት የሚገዛው በፕላስቲክ ማሰሮ የተላጠው ደግሞ ሥርም ስለሌለው ጽሑፉን ማንበብ ብቻ ነው አማራጩ። ከ2008 ጀምሮ ትኩስ አትክልት የሚሸጡ ቸርቻሪዎች የትውልድ አገሩን ማሳየት ግዴታቸው ነው። ግዴታው ግን በዓመት ከ230,000 ዶላር በላይ አትክልትና ፍራፍሬ የሚገዙትን ነው የሚመለከተው፤ የሰፈር ባልትና ሱቅና ምግብ ቤት አይገቡበትም። እዚያ የሚረዳው ባለሱቁን «እስቲ ካርቶኑን አሳየኝ» ማለት ነው፤ ካርቶኑ ላይ የትውልድ አገር መጻፉ ለማንኛውም የገቢ ዕቃ ግዴታ ነው።